ኬንያ ላሙ ደሴት ለመሄድ ካሰባችሁ መጀመሪያ ውሃው መቼ እንደሚሞላ ጠይቁ

ላሙ ሲባል ሀበሻ ቶሎ ትዝ ሚለው ወደቡ ነው፣ ያ ላፕሴት ምናምን የሚባለው ኬንያን ከኢትዮጵያና ከደቡብ ሱዳን የሚያገናኘው ፕሮጀክት ውስጥ ያለው፣ በ2004 መለስ ከኬንያው ኪባኪና ከደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር ጋር ሄደው ያስጀመሩት። ወደቡ ግን ደሴቷ ላይ አይደለም፣ ማዶ ዋናው መሬት ላይ ነው፣ እኔና ጓደኛዬ የሄድነው አሮጌዋን ከተማ ብለን ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 የመዘገባት፣ በኮራል ድንጋይና ባህር ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ በሚበቅለው የማንግሮቭ እንጨት የተሠራች፣ ሰው እስካሁን የሚኖርባት ከተማ ናት፣ ሙዚየም አይደለችም።

አካሄዳችን ቀላል ነበር። ከአዲስ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ በትንሽ አውሮፕላን ማንዳ የምትባል ጎረቤት ደሴት ላይ ታርፋላችሁ፣ ከዛ በጀልባ መሻገር ነው። ከሞምባሳ በአውቶብስም ይኬዳል፣ ይረክሳል፣ ግን መንገዱ ወደ ሶማሊያ ድንበር የሚጠጋ ስለሆነና ፀጥታው አንዳንዴ ስለሚደፈርስ እኛ ጨመር አድርገን በረርን። የቢጫ ወባ ካርድ እንዳትረሱ። ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ ዋናው ዝናባቸው ነው፣ ማረፊያውም ብዙው ይዘጋል፣ አትሂዱ።

ማረፊያ ላይ ሁሉም ሰው እዛው ደሴቷ ላይ ያለችው ሼላ የምትባል መንደር ያዙ ይላል፣ ቢቹ እዛ ስለሆነ፣ ረጅም ነው አሸዋውም አሪፍ ነው ግን ሼላ ብቻ ተቀምጦ መመለስ እኔ ላሙን ማየት ነው አልልም። እኛ ከተማው ውስጥ አንድ የድሮ ቤት ላይ ክፍል ያዝን፣ እና እዚህ ጋ አንድ ምክር፣ የላይኛውን ፎቅ ጠይቁ። ታች ያለው ግድግዳው ወፍራም ነው አየር አይገባም፣ ላይ ግን በኮኮናት ቅጠል የተከደነ ሰገነት አለ፣ ከባህሩ የሚመጣው ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ይነፍሳል። አጎበርም ይኑረው፣ ወባ አለ። ጎህ ሳይቀድ አዛኑ ከየመስጊዱ እየተቀባበለ ይቀሰቅሳችኋል፣ እንቅልፍ የምትወዱ ካላችሁ ከወዲሁ እወቁት።

መንገዱ ጠባብ ነው፣ መኪና አይገባም፣ ሸክሙ ሁሉ በአህያ ነው። አህያ ለኛ ብርቅ አይደለም መቼም፣ ግን እዛ ሥራ ሲያልቅ ዝም ብለው ይለቋቸዋል፣ ማታ ማታ ብቻቸውን ከተማው ውስጥ ይንሸራሸራሉ፣ ከኋላ ሲመጡ ግድግዳ ታክካችሁ ታሳልፋላችሁ።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። እኔ የባህር ዳር ልጅ ነኝ፣ ጣና ውሃው ከፍ ዝቅ ሲል የሚታየው በክረምትና በበጋ ነው፣ እዚህ ግን በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ እየተገፋ ይሄዳል። ስለዚህ ትናንት ጠዋት መሄድ የቻለ ጀልባ ከሳምንት በኋላ በዛው ሰዓት ጭቃ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ማንዳ ላይ ታክዋ የሚባል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ጥሎት የሄደ ከተማ ፍርስራሽ አለ፣ መስጊዱ ከነዓምዱ አሁንም ቆሟል፣ በጀልባ እዛ የሚደረሰው በማንግሮቭ መሃል በሚያልፍ ቀጭን ውሃ ነው፣ እሱም ሲሞላ ብቻ። ካፕቴኑ ሽማግሌ ነበሩ፣ ለኛ በእንግሊዝኛ ስምንት ሰዓት ኑ አሉን፣ ዞር ብለው ለሚረዳቸው ልጅ በስዋሂሊ ሁለት ሰዓት አሉት። ለካ አቆጣጠራቸው እንደኛው ነው! ሀበሻ መሆናችንንና እኛም እንደዛ እንደምንቆጥር ስንነግራቸው ሳቁ፣ ከዛ በኋላ ቀጠሮ ሁሉ በኛ ሰዓት ሆነ። ፍርስራሹ ጋ ፎቶ እናብዛ ስንል ልጁ እየሮጠ መጣ፣ ውሃው መውረድ ጀምሯል ብሎ፣ ካልወጣን እስኪሞላ መጠበቅ ነው። ስትመለሱ በሸራ ከሆነ ጀልባው ሲያዘነብል ልጁ ከጎን በተዘረጋ ጣውላ ላይ ወጥቶ በክብደቱ ያስተካክላል፣ እኔ እሱን እያየሁ ነፍሴ ልትወጣ ነበር እሱ ግን ስልክ ያወራል።

ምግብ ላይ አታስቡ። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ ባቄላውም የእርግብ አተር የሚባለው ጥራጥሬም በኮኮናት ወተት ነው የሚሠራው፣ ከቻፓቲ ጋር ያጠግባል (ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ አላነሳም)። ማታ በር ላይ ባሉት የድንጋይ መደቦች ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ዝንጅብል ያለው ጥቁር ቡና በትንሽ ስኒ ይጠጣሉ፣ ሰላም ብላችሁ ጠጋ ብትሉ ቦታ ይለቁላችኋል። ሰላምታ ሳታስቀድሙ መንገድ መጠየቅ ግን ነውር ነው፣ ይሄ ለኛ አዲስ አይሆንም። ሙስሊም ከተማ ስለሆነች ትከሻና ጉልበት ሸፈን ማድረግ ያስፈልጋል፣ የኔ ነጠላ ሙሉ እረፍቱን አገልግሏል።

ጀልባ መውረጃው ጋ አስጎብኚ ነን የሚሉ ልጆች ይከቧችኋል፣ አትቆጡ፣ ግን እዛው ዋጋ አትነጋገሩ። የጀልባ ሰው ያረፋችሁበት ቤት እንዲያገናኛችሁ አድርጉ፣ ምሳ ውስጡ አለ የለም፣ በሞተር ነው በሸራ፣ ይሄን ሁሉ ቀድማችሁ ጨርሱ። ክፍያው በኤምፔሳ ነው ወይ በካሽ፣ የኬንያ ሲም ናይሮቢ ላይ አውጡ።

እኛ ቀጣይ ያሰብነው ፓቴ ደሴትን ነው፣ ከላሙ ጀልባ አለ፣ መነሻ ሰዓቱን ስንጠይቅ ግን የሰጡን መልስ ያው የታወቀው ነው፣ ውሃው ሲሞላ።