ሰማያዊው ባንዲራ እና የእኔ ፎጣ

ዛሬ ኬፕ ታውን፣ ካምፕስ ቤይ ባሕር ዳርቻ ዋልኩ። ውሃው በበጋም አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ አልደፈርኩም። በዚህ ምክንያት የ«ሰማያዊ ባንዲራ»ን (ለንጹህ ባሕር ዳርቻ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ምልክት ነው) ሰሌዳ ቆሜ አነበብኩ። (አዎ፣ ለእረፍት ሄዶ ሰሌዳ የሚያነበው ሰው እኔ ነኝ።) ደቡብ አፍሪካ ይህን ምልክት እ.ኤ.አ. በ2001 ስታገኝ ከአውሮፓ ውጭ የመጀመሪያዋ ነበረች። የሚሰጠው ለአንድ ወቅት ብቻ ነው፤ በውሃው ውስጥ የኢኮላይ (ከዓይነ ምድር የሚመጣ ባክቴሪያ) ገደቡ በ100 ሚሊ ሊትር 250 ነው፤ የምርመራው ውጤትም ለዋናተኛው በግልጽ መለጠፍ አለበት። ይህን ወደድኩት፤ የሚመረመር ነገር አለው።

ያረፍኩበት ማረፊያ ግን ሌላ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ካርድ አለ፤ ማን እንደሰጠው አይናገርም። «ፎጣዎን ከሰቀሉት አንቀይረውም፤ ውሃ እንቆጥባለን» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ነዋሪው በቀን በ50 ሊትር እንዲኖር በታዘዘበት ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም። ጠዋት በደንብ ሰቅዬው ወጣሁ። ማታ ስመለስ አዲስ ፎጣ በዳክዬ ቅርጽ ተጠቅልሎ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

የምታጸዳውን እህት ጠየቅኳት። ሳቀችና «ካርዱ ለእንግዳ ነው፤ ለእኛ የነገረን ሰው የለም» አለችኝ።