ደብተር ይዞ መድኃኒት ማጣት

ቤተሰቦች በየዓመቱ አዋጥተው ሲታመሙ ያለ ክፍያ ስለሚታከሙበት ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲነሳ ክርክሩ ብዙ ጊዜ መዋጮው ላይ ይቆማል። በዛ፣ አነሰ፣ ዘንድሮ ደግሞ ተጨመረ። መዋጮው ግን የነገሩ ቀላል ጫፍ ነው። መድኑ የሚፈተነው ታማሚው የአባልነት ደብተሩን አሳይቶ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ተመርምሮ፣ በመጨረሻ ማዘዣውን በፋርማሲው መስኮት ሲያቀብልና «ይሄ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ሲባል ነው። በሚቀጥለው የእድሳት ወቅት ማን ከፍሎ ማን እንደሚቀር የሚወሰነው ቀበሌ ላይ ሳይሆን እዚያ መስኮት ላይ ነው።

አመጣጡን ባጭሩ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ጤና ተቋማት የሰበሰቡትን ገንዘብ ለግምጃ ቤት ማስረከባቸው ቀርቶ ለራሳቸው መድኃኒትና ዕቃ መግዣ እንዲያውሉት መንገድ ከፈተ። ይህ «የውስጥ ገቢ» የሚባለው ነው። ቀጥሎ በ2003 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በ13 ወረዳዎች ማኅበረሰብ አቀፍ መድኑ በሙከራ ተጀመረ። ያኔ መዋጮው በወር ትግራይ ላይ ለአንድ ቤተሰብ 11 ብር፣ ኦሮሚያ 15 ብር፣ ደቡብ 10 ብር ከ50 ሲሆን አማራ ላይ ደግሞ በነፍስ ወከፍ 3 ብር ነበር። ዛሬ ቁጥሩ የትየለሌ አድጓል፤ ክልሉ ይወስነዋል፣ የገጠርና የከተማው ይለያያል።

ብዙ ሰው መድኑን በእድር መስሎ ነው የሚረዳው። መመሳሰል አላቸው፤ ሁለቱም «ዛሬ ለእሱ፣ ነገ ለእኔ» ናቸው። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። እድር የሚከፍለው ሞት ሲመጣ ነው፣ ሞት ደግሞ የማንንም ደጅ ይመታል። ሕመም ግን ቀድሞ ራሱን ያሳያል። ስኳር ያለበት ሰው ስኳር እንዳለበት ያውቃል፣ ስለዚህ ለመመዝገብ የመጀመሪያው እሱ ነው። ጤነኛው «ለማይታመም ሰው ምን ያደርጋል» ብሎ ይቀራል። መድኑ ባልና ሚስትን ከልጆቻቸው ጋር እንጂ አንድን ሰው ነጥሎ የማይመዘግበው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምርጫ ቢሰጥ ቤተሰቡ የሚያስመዘግበው የታመመችውን አያት ብቻ ነው። ምዝገባው ከመኸር በኋላ በዘመቻ ተካሂዶ የሚዘጋበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ገበሬው እጁ ላይ ብር የሚኖረው ያኔ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ በሩ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ቢሆን ሁሉም የሚመጣው ሲታመም ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ የየትኛውም ወረዳ አይደሉም፣ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ወረዳ 10,000 ቤተሰብ መዘገበ፣ እያንዳንዱ በዓመት 600 ብር ከፈለ እንበል። ገቢው 6 ሚሊዮን ብር ነው። በአማካይ አራት ተኩል ሰው በየቤቱ ካለ 45,000 ሰው ይሆናል። እያንዳንዱ በአማካይ በዓመት አንድ ጊዜ ቢታከምና አንዱ ሕክምና ከነመድኃኒቱ 120 ብር ቢወስድ ወጪው 5.4 ሚሊዮን ነው። 600,000 ብር ይተርፋል። ጥሩ።

በሚቀጥለው ዓመት 2,000 ቤተሰብ ሳያድስ ቀረ። የቀሩት በብዛት ጤነኞቹ ናቸው፤ ከሌላው ግማሽ ያህል ብቻ ይታከሙ ነበር እንበል፣ ማለትም 9,000 ሰዎች በዓመት 4,500 ጊዜ። ገቢው በ1.2 ሚሊዮን ወርዶ 4.8 ሚሊዮን ሲሆን፣ የሕክምናው ቁጥር ግን ከ45,000 ወደ 40,500 ብቻ ነው የሚቀንሰው። ወጪው 4.86 ሚሊዮን ይሆናል። ትርፉ ጠፍቶ 60,000 ብር ጎደለ። ከዚያ መድኃኒት ይወደድና አንዱ ሕክምና 140 ብር ይግባ፤ ጉድለቱ 870,000 ይደርሳል። ልብ በሉ፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም አልሰረቀም።

መድኃኒት መወደዱ ደግሞ ምሳሌ ብቻ አይደለም። አብዛኛው መድኃኒት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት የተተመነ መዋጮ የሚገዛው መድኃኒት ያነሰ ነው። መዋጮው በየዓመቱ ከመድኃኒት ዋጋ ጋር ሳይታይ ለዓመታት ባለበት ይቆይና አንድ ቀን በእጥፍ ሲዘል አባሉ ይደነግጣል። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መጨመር ሕመሙ ያነሰ ነበር፤ ጭማሪ የማይወደድበት ወቅት ስለሚበዛ ግን ይገፋል።

አሁን ወደ መስኮቱ እንመለስ። መድኃኒቱ ለምን የለም? ሰንሰለቱ እንዲህ ነው። ጤና ጣቢያው አባሉን ያለ ክፍያ ያክማል። የታከሙትን ስም፣ የተሰጠውን አገልግሎትና መድኃኒት ከነዋጋው አጠናቅሮ ብዙውን ጊዜ በየሩብ ዓመቱ ለወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ያቀርባል። ጽሕፈት ቤቱ ጥቂት ሠራተኞች ነው ያሉት፤ በሺዎች የሚቆጠር ካርድ ከማዘዣ ጋር የሚያመሳክሩት እነሱ ናቸው። የአባል ቁጥር ያልተጻፈበት፣ ባለሙያ ያልፈረመበት፣ ካርዱ ላይ የሌለ መድኃኒት የተመዘገበበት ተለይቶ ይመለሳል። እንደ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔና የቲቢ ሕክምና ያሉት ደግሞ ለማንም ሰው በነፃ የሚሰጡ ስለሆኑ ከመድኑ ሊጠየቅባቸው አይገባም፤ ተጨምረው ከመጡ ይሰረዛሉ። ይህ ሁሉ ወራት ይበላል። ጤና ጣቢያው እስከዚያ ድረስ ብሩ እጁ ላይ የለም። መድኃኒት የሚገዛው ግን በተዘዋዋሪ ፈንድ ነው፤ ሸጦ ያገኘውን መልሶ መግዣ ያደርጋል። አባል ያልሆነው ታካሚ በጥሬ ገንዘብ ይከፍል ነበር፣ አባሉ ግን በዱቤ ነው የሚታከመው። ስለዚህ አባላት በበዙ ቁጥር፣ ክፍያው ከዘገየ፣ መደርደሪያው የሚራቆተው በፍጥነት ነው። መድኑ የተሳካለት የመሰለበት ወረዳ ላይ መድኃኒት ቶሎ ማለቁ ብዙዎችን ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መፍትሔው ይህን ማመሳከር፣ ኦዲቱን፣ መተው አይደለም። የሚሠራው፣ ለጤና ጣቢያው ከሚገባው የተወሰነውን በሩብ ዓመቱ መጀመሪያ አስቀድሞ መልቀቅና ቀሪውን ከማመሳከር በኋላ ማወራረድ ነው። ሌላው መንገድ በነፍስ ወከፍ መክፈል ነው፤ በጤና ጣቢያው ክልል ላለ ለእያንዳንዱ አባል፣ ታመመም አልታመመም፣ የተወሰነ ብር አስቀድሞ ይሰጣል። የወረቀቱ ጋጋታ ይቀራል፣ ብሩ በጊዜ ይገባል። አደጋውም ግልጽ ነው፦ ገንዘቡን አስቀድሞ ያገኘ ተቋም ታካሚውን ቶሎ ሪፈር ጽፎ ወደ ሆስፒታል ቢያሳልፈው ይተርፈዋል። ስለዚህ የሪፈር ቁጥር ካልተቆጠረ በነፍስ ወከፍ መክፈል ራሱ ሌላ ቀዳዳ ነው።

የቋቱ፣ ማለትም መዋጮው የሚጠራቀምበት የጋራ ገንዘብ፣ ስፋትም አለ። በወረዳ ደረጃ ያለ ትንሽ ቋት ጥቂት ከባድ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ሪፈራል ሆስፒታል ከገቡበት ዓመቱን ሳይጨርስ ሊነጥፍ ይችላል። ወደ ዞንና ወደ ክልል ከፍ ማድረጉ ትክክል ነው፤ ጠንክሮ የሰበሰበው ወረዳ «የሰነፉን ዕዳ ለምን እኔ» ማለቱ ግን አይቀርም፣ ይህን አስቀድሞ በመተዳደሪያ ደንብ ማሰር ያስፈልጋል። ሩዋንዳ በ2015 እ.ኤ.አ. የጋራ መድኗን አስተዳደር ለአንድ አገር አቀፍ የማኅበራዊ ዋስትና ቦርድ አስረክባለች። ጋና ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. ሕጓን ስታወጣ ዋናውን ገንዘብ ከመዋጮ ሳይሆን በዕቃና አገልግሎት ላይ ከጣለችው 2.5 ከመቶ ቀረጥ እንዲመጣ አደረገች። ቢሆንም ብሩ ከግምጃ ቤት ወደ ፈንዱ ሲዘገይ ሆስፒታሎች ለወራት ሳይከፈላቸው ቆይተዋል። በሽታው ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ገንዘብ መኖሩ ብቻ ሳይሆን በሰዓቱ መድረሱም ነው ጉዳዩ።

የደመወዝተኛው መድን እስካሁን የት እንዳለ ለሚጠይቁ፦ አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ወጥቷል። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 ከመቶ፣ አሠሪውም 3 ከመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር። ሠራተኛው «መድኃኒት በሌለበት ጤና ተቋም ለምን ይቆረጥብኛል» ብሎ ተቃወመ፣ ማስጀመሪያው ተደጋግሞ ተገፋ። ተቃውሞው ስስት ብቻ አልነበረም፣ መስኮቱን ስለሚያውቁት ነው። ጉዳቱ ግን ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ በየወሩ ያለ ቀስቃሽ ሊቆረጥለት የሚችል ሰው ከቋቱ ውጭ ሆኖ፣ ዝናብ የሚጠብቀው ገበሬ ብቻውን እንዲሸከም መሆኑ ነው።

አባል ለሆናችሁ ወይም ልትሆኑ ላሰባችሁ፣ ገንዘብ የሚያስወጡት ስህተቶች ጥቂት ናቸው። መጀመሪያ ደብተሩ ላይ የሁሉም የቤተሰብ አባል ስም መኖሩን እዩ፤ አዲስ የተወለደ ልጅ ሳይጻፍ ቀርቶ መመለስ የተለመደ ነው። 18 ዓመት የሞላው ልጅ በቤተሰቡ መዋጮ አይሸፈንም፣ ተጨማሪ ይከፈልበታል። መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በቀበሌ ተለይተው መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል፤ ለዚህ የሚመረጠው ሰው ቁጥር በበጀት ስለሚወሰን፣ ስም የሚያዝበትን ስብሰባ መቅረት ትልቅ ኪሳራ ነው።

ሕክምናው የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። ሪፈር ሳይጻፍ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል እስከ ወጪው ግማሽ ድረስ ከኪሱ ሊጠየቅ ይችላል። የሪፈር ወረቀቱ ቀን፣ ማኅተምና የሐኪም ፊርማ ይኑረው፤ አንዱ ከጎደለ ከሆስፒታሉ ካርድ ክፍል መልሰው ይልኳችኋል፣ የትራንስፖርቱ ወጪ ከመድኃኒቱ በላይ ይሆናል። ሆስፒታሉ ከወረዳችሁ ጋር ውል ያለው መሆኑንም ሪፈር ሲጻፍላችሁ እዚያው ጠይቁ። ቅርብ የሆነው ሆስፒታል በሌላ ዞን ውስጥ ሲሆን ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምና በመድኑ አይሸፈኑም።

መድኃኒት የለም ከተባላችሁ ማዘዣውን ተቀብላችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ። «የለም» መባሉን ማዘዣው ላይ በጽሑፍና በማኅተም አስደርጉ፣ ከውጭ ስትገዙ የአባሉ ስም ያለበት ሕጋዊ ደረሰኝ ያዙ፣ ቅጂ አስቀሩ። የገዛችሁትን የሚመልስ አሠራር ባለበት ቦታ እነዚህ ከሌሉ ምንም አይከፈልም፤ በሌለበትም ቢሆን ለአቤቱታ ማስረጃ የሚሆኑት እነሱ ብቻ ናቸው። የስኳርና የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ቀጠሮአችሁን መድኃኒቱ ከማለቁ አንድ ሳምንት ቀደም አድርጉት፤ ሜትፎርሚን ወይም አምሎዲፒን ዛሬ ባይኖር ተመልሶ ለመምጣት ጊዜ ይኖራችኋል።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለእናት ለአባት የምትልኩ፣ በእድሳቱ ወቅት መዋጮው መከፈሉን ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ። ወቅቱ ካለፈ ብር በእጅ ቢኖርም እስከሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ ሊመጣ ይችላል።

መድኑ የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ አለው። እዚያ ሲደረስ ብዙ ጊዜ የሚነበበው የተመዘገበው ቤተሰብ ብዛትና የተሰበሰበው ብር ነው። እጅ አውጥታችሁ ሌላ ሁለት ቁጥር ጠይቁ፦ ጤና ጣቢያው ካከማቸው የክፍያ ጥያቄ እስካሁን ያልተከፈለው የስንት ወር ነው? ካለፈው ዓመት አባላት ውስጥስ ዘንድሮ ያላደሱት ስንት ናቸው?