ካርቡሬተሮቹ ወረዱ
ዛሬ የፖርሽ 911 መኪናዬ ሞተር ካርቡሬተሮቹን (ነዳጅና አየር የሚቀይጡትን ክፍሎች) ጥሎ በሜካኒካል ኢንጀክሽን (ነዳጁን በፓምፕ ገፍቶ በሚረጭ ሥርዓት) ተነሳ! ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. ለ1969 ሞዴል 911 ኤስ ይህንኑ ሲያደርግ ጉልበቱ ከ160 ወደ 170 የፈረስ ጉልበት አድጓል።

ልቤን የወሰደው የኢንጀክሽኑ ፓምፕ ነው። ኮምፒውተር የለ፣ ሴንሰር የለ። ከካምሻፍቱ (የሞተሩን ቫልቮች ከሚከፍተው ዘንግ) በጥርሳም ቺንጋ ይዞራል፤ ለስድስቱም ሲሊንደር ለየብቻ ነዳጅ ይገፋል። ውስጡ ያለችው ሾጣጣ ካም (ቅርጿ ወጣ ገባ የሆነ ብረት) የሞተሩን ፍጥነትና የነዳጅ ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ አንድ ላይ ይዛ የነዳጁን መጠን ትወስናለች። ብረት እንዲህ ሲያስብ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

ቀኑን የበላው ግን ሊንኬጁ ነው፤ ፔዳሉን ከስሮትሎቹ (አየር ከሚያስገቡት በሮች) እና ከፓምፑ ጋር የሚያያይዙት ዘንጎች ማለት ነው። ስሮትሎቹና ፓምፑ እኩል ካልሄዱ ሞተሩ ወይ ነዳጅ ያጥረዋል፣ ወይ ጥቁር ጭስ ይተፋል። የዘንጎቹን ርዝመት በጥቂት በጥቂቱ ስናስተካክል ዋልን። አሁን ፔዳሉን ነካ ሲያደርጉት ወዲያው ይመልሳል። ነገ የነዳጅና የአየር ቅይጡን እንለካለን።