ፕሌትሌቴ 58 ሲባል ያልገባኝ ነገር

ወረቀቱ ላይ ከሃያ በላይ መስመር ነበረ። ዓይኔ የቀረው ግን አንዱ ላይ ነው። ፕሌትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን የደም ቅንጣቶች፣ 58። ከጎኑ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት፣ ከቀስቱ ቀጥሎ «150–450» የሚል ጽሑፍ። ትንሽ ቀዶ ሕክምና ተይዞልኝ ነበርና ለእሱ የሚደረግ የተለመደ ምርመራ ነው። ምንም አያመኝም። ደሜን ሰጥቼ ወደ ሥራዬ ነበር የሄድኩት። ውጤቱን ያስረከበኝ ሰው «ፕሌትሌትሽ በጣም ወርዷል፣ ቀዶ ሕክምናው ይቆያል፣ ሐኪም አናግሪ» አለኝና ባለ ተራውን ጠራ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ስልኬ ላይ ስፈልግ አደርኩ። የደም ካንሰር፣ የመቅኒ በሽታ፣ የጉበት በሽታ፤ አንዱን ዘግቼ ሌላውን ስከፍት ነጋ። በመሃል እየተነሳሁ በስልኩ መብራት እግሬን አያለሁ። ቁርጭምጭሚቴ አካባቢ አንዲት ቀይ ነጥብ አገኘሁና በቃ አለቀልኝ አልኩ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ቁጥሩን ማንበብ አለመቻሌ ነው። ፕሌትሌት የሚቆጠረው በሺህ ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ፣ ማለትም ከአንድ ጠብታ እጅግ ባነሰ ደም ውስጥ፣ 58,000 አለ ማለት ነው። መደበኛው ከ150,000 እስከ 450,000 ነው። ከ150,000 ትንሽ ዝቅ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማውም። ከ50,000 በላይ ከሆነ ደግሞ፣ ፕሌትሌቶቹ ሥራቸውን በደንብ እስከሠሩ ድረስ፣ ብዙ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ሳይመቱና ሳይቆረጡ በራሱ የሚመጣ መድማት በእጅጉ የሚያሰጋው ከ20,000 በታች፣ በተለይ ከ10,000 በታች ሲወርድ ነው። ይህን የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ትንሽም ቢሆን እተኛ ነበር።

በማግስቱ ያገኘኋቸው ሐኪም በዕድሜ ጠና ያሉ ናቸው። ወረቀቱን ስዘረጋላቸው ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «መጀመሪያ አንቺን ልይ» አሉ። ጥርስሽን ስትቦርሺ ድድሽ ይደማል? ይነስርሻል? የወር አበባሽ ከወትሮው በዝቷል? ሳትመቺ ሰውነትሽ ይበልዛል? ሰሞኑን ትኩሳት ነበረሽ? ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ነፍሰ ጡር ነሽ? ከዚያ አስተኝተው ግራ ጎኔን ከጎድኔ በታች ዳሰሱ። ጣፊያዬ አብጦ እንደሆነ እያዩ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ አልሰለቹም። ፕሌትሌት የሚመረተው መቅኒ ውስጥ ነው። ደም ውስጥ የሚቆየው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ሲሶ ያህሉ ጣፊያ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ቁጥሩ በእውነት ከወረደ መንገዱ ሦስት ነው። ወይ መቅኒው በበቂ አያመርትም፤ የቫይታሚን ቢ12 ወይም የፎሌት እጥረት፣ አልኮል፣ የካንሰር መድኃኒት፣ የመቅኒው የራሱ ሕመም። ወይ የተመረተው ቶሎ ያልቃል፤ ሰውነት በገዛ ፕሌትሌቱ ላይ ሲነሳ፣ ወይም እንደ ሄፓሪንና ኩዊኒን ያሉ መድኃኒቶች ሲያስነሱበት። ወይ ደግሞ ጣፊያ አብጦ ከድርሻው በላይ ይይዛል፤ በጉበት በሽታ እንደሚሆነው። ወባ፣ ደንጊ፣ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ሲም ያወርዱታል። በእርግዝና መጨረሻ አካባቢ ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው።

ያቺን ቀይ ነጥብ አሳየኋቸው። አውራ ጣታቸውን ጫን አድርገው አነሱት። ነጥቧ ጠፋችና ተመለሰች። «ይሄ የትንኝ ንክሻ ነው። ከፕሌትሌት ማነስ የሚመጣ ነጥብ ብትጫኚው አይጠፋም፤ ደሙ ከደም ሥር ወጥቶ ቆዳ ውስጥ ፈስሷልና» አሉኝ። ይህን ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ሊሞክረው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱን የገለበጡት። ሁለት ነገር አሳዩኝ። አንደኛ፣ ነጭ የደም ሕዋሴ 11.9 ነው፤ በትንሹ ከፍ ብሏል። ሁለተኛ፣ ከታች በደቃቅ ፊደል ማሽኑ ራሱ «የተጣበቀ ፕሌትሌት ሊኖር ይችላል» ብሎ ጽፏል። ያን መስመር ሌሊቱን ሙሉ አላየሁትም። «የድሮ ውጤት አለሽ?» አሉ። ስልኬ ውስጥ ከሁለት ዓመት በፊት ያነሳሁት ፎቶ ነበር፤ 214 ይላል። «እንግዲህ አዲስ ነገር ተፈጥሯል። ሰውነትሽ ውስጥ ይሁን ቲዩቡ ውስጥ አሁን እናያለን።»

ቲዩቡ ውስጥ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ።

ለዚህ ምርመራ ደም የሚቀዳው ወይን ጠጅ ክዳን ባለው ቲዩብ ነው። ውስጡ ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል አለ። ካልሲየም ይይዝና ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል። አንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ግን ካልሲየም ሲጠፋ ብቻ ፕሌትሌት ላይ የሚለጠፍ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ለመከላከያ የሚያመርተው ፕሮቲን፣ አለ። ያኔ ፕሌትሌቶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ይህ የሚሆነው ቲዩብ ውስጥ ነው እንጂ ደም ሥር ውስጥ አይደለም። ማሽኑ የሚቆጥረው በመጠን ስለሆነ፣ የተጣበቀውን ክምር እንደ ፕሌትሌት አያውቀውም። ጭራሽ እንደ አንድ ነጭ የደም ሕዋስ ሊቆጥረው ይችላል። ለካ ያ 11.9 ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ላቦራቶሪ ሄጄ በሁለት ቲዩብ ደም ሰጠሁ፤ አንዱ የተለመደው፣ ሌላው ሰማያዊ ክዳን ያለው። ሰማያዊው ሲትሬት የሚባል ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል አለበት። ባለሙያው ሳይውል ሳያድር ቆጠረው። ከዚያም ከተለመደው ቲዩብ አንዲት ጠብታ መስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም ነክሮ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገና «ነይ እህቴ፣ ራስሽ ተመልከቺ» አለኝ። አጎነበስኩ። ፈዛዛ ቀይ ክቦች ተበትነዋል። ጥግ ላይ፣ የተቀባው ደም በቀጠነበት በኩል፣ ሐምራዊ ብናኞች ተጠጋግተው እንደ ንብ መንጋ አንድ ላይ ሰፍረዋል። አስር፣ አስራ አምስት፣ ሌላው ጋ ሃያ። ማሽኑ ያጣቸው ፕሌትሌቶቼ እነዚያ ናቸው።

ሰማያዊው ቲዩብ 171 አለ። ሲትሬቱ ፈሳሽ ስለሆነ ደሙን ያቀጥነዋል፤ በ1.1 ይባዛል። 188። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ላስጠንቅቅ። የእኔን ታሪክ ሰምቶ «የማሽን ስህተት ይሆናል» ብሎ ወረቀቱን የሚጥል ሰው እንዳይኖር። የአክስቴ ልጅ 9,000 ተብላ ነበር። የእሷም ደም መስታወት ላይ ታይቷል፤ የተጣበቀ ነገር አልነበረም። እግሯን ያለበሱት ነጠብጣቦች በጣት ሲጫኑ አልጠፉም፤ አፏ ውስጥ ደም የቋጠሩ ፊኛዎች ነበሩ። የገዛ ሰውነቷ ነበር ፕሌትሌቷን የሚያጠፋው። በዚያው ቀን ሆስፒታል ተኝታ ፕሬድኒሶሎን የሚባል የሰውነትን መከላከያ የሚያበርድ መድኃኒት ተጀመረላትና ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወጣ። እንዲህ ያለ ምልክት፣ የማይቆም ነስር፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ከባድ ድንገተኛ ራስ ምታት ያለበት ሰው ቀጠሮ አይጠብቅ። ዛሬውኑ ይሂድ።

እስኪጣራ ድረስ ደግሞ ሐኪም ካላዘዘ በቀር አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መዋጥ አይገባም። ያሉትንም ፕሌትሌቶች ያሰንፋሉ። አስፕሪን የነካው ፕሌትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ አያገግምም። እኔ ያን ሌሊት ራሴን ሲያመኝ የዋጥኩት አይቡፕሮፌን ነበር።

ሐኪሙ ካርዴ ላይ «በኢዲቲኤ ፕሌትሌቷ ይጣበቃል» ብለው ጻፉልኝ። ባለፈው ወር ለሌላ ምርመራ ስሄድ ደም ለምትቀዳው ልጅ እጄን ከመዘርጋቴ በፊት ካርዱን አሳየኋት። አነበበችው። ከመሳቢያዋ ሰማያዊውን ቲዩብ አወጣች፣ ደሙን እስከ መስመሩ ድረስ ሞላችው፤ ከጎደለ ልኬቱ ይዛባል። የተቀዳበትን ሰዓት ጻፈችበትና ለጓደኛዋ «ይሄ ሳይቆይ ይቆጠር» ብላ ሰጠቻት።