የጋሼ ጠረጴዛ

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ዝናብ ያዘኝ። ደሴ ፒያሳ ላይ መጠለያ ስፈልግ እግሬ ወደ ድሮው ፑል ቤት ወሰደኝ። ከረገጥኩት ስድስት ሰባት ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም። በእኛ ጊዜ ሦስት ጠረጴዛ ነበረው። ዛሬ የቀረው አንድ ነው። እሱም ላስቲክ ለብሷል፤ በላዩ የለስላሳ ሳጥን ተደርድሮበታል። የሁለቱ ቦታ በግድግዳ ተከፍሎ ለቤቲንግ ቤት ተከራይቷል። ልጆቹ ትኬታቸውን ጨብጠው ስክሪን ላይ አፍጥጠዋል። እርስ በርስ አያወሩም።

ባለቤቱ ዛሬም በር ላይ ተቀምጠዋል። ስማቸውን ማንም አይጠራም፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ሰዉ የት ሄደ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ስልኩ ውስጥ ገባ። አብሽር፣ እስኪያባራ ተቀመጥ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ዓይኔ ግን ከጠረጴዛው አልነቀል አለ።

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ልክ የሆነ ወለል ማግኘት ከባድ ነው። የፑል ጠረጴዛ ደግሞ ትንሽ መዛነፍ አይችልም። ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር ያለው ከባድ የድንጋይ ንጣፍ ነው። እሱ ካዘነበለ ኳሷ መንገዷን ትስታለች። ጋሼ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ውሃ ልክ ያስቀምጡበትና ከእግሮቹ ሥር ካርቶን አጥፈው ይሸጉጡ ነበር። እንደዚያም ሆኖ በስተቀኝ ያለው ጥግ አልስተካከል ብሎ ኖረ። ቀስ ብላ የተመታች ኳስ ወደዚያ ትሳባለች። ኮምቦልቻ ከደሴ ቁልቁል ያለች ከተማ ናትና «ኮምቦልቻ ወረደች!» ብለን እንጮሃለን።

ጨዋታውን የተማርኩት በመጫወት ብቻ አይደለም። በመጠበቅ ነው። ስምህን ሰሌዳ ላይ ትጽፋለህ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ትቆማለህ። ተሸናፊ ከፍሎ ይወጣል፣ አሸናፊ ይቆያል። እስኪደርስህ ድረስ የትልልቆቹን እጅ ታያለህ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን መንገድ በቀን ሁለቴ የሚመላለስ ሹፌር ነበር። አንድ አስተማሪ ነበር። እጁ በሲሚንቶ የተሰነጣጠቀ ግንበኛም ነበር፤ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። «ኳስ ማስገባት ማንም ይችላል። ነጯ የት እንደምትቆም ንገረኝ» ይለኝ ነበር። ነጯን፣ በስቲክ የምትመታትን ኳስ፣ ከመሃሏ ዝቅ አድርገህ ከመታሃት ሌላዋን ነክታ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ከፍ ካደረግህ ተከትላ ትሄዳለች። ይህን ለመልመድ አንድ ሙሉ ክረምት ፈጀብኝ። ከአንድ ምት በፊት ስለሚቀጥለው ማሰብን ከዚያ ሰው ነው ያገኘሁት።

አባቴ ፑል ቤት መግባቴን የሰማ ጊዜ ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። አሁን የልጅ አባት ስሆን ገባኝ። በገንዘብ የሚጫወት ነበር። ክፍል ጥሎ የሚመጣ ተማሪ ነበር። ከጀርባ ጫት የሚቃምበት ቤትም አልጠፋም። ስለዚህ በሰው አፍ ፑል ቤት ማለት የዱርዬ መዋያ ሆነ። ጨዋታው ራሱ ምንም ሳያጠፋ ስሙ ጠፋ። ለመዳከሙ ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ከስልኩም በላይ።

ኪራዩም አለ። ትንሹ ባለ 7 ጫማ ጠረጴዛ እንኳን፣ ዙሪያውን በስቲክ ለመምታት ቢያንስ 4 ሜትር በ5 ሜትር ክፍል ይፈልጋል። በዚያ ስፋት የሚጫወቱት ሁለት ሰዎች ናቸው። ቤቲንግ ቤት እዚያው ላይ ሃያ ወንበር ይደረድራል። ጋሼ ላይ ልፈርድ አልችልም። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ቤቱ ተዘግቶ ከርሟል፤ ሲከፈት ዕዳው ብዙ ነበር።

ዝናቡን እያየሁ ስለ ፊሊፒንሳዊው ፑል ተጫዋች ኤፍሬን ሬየስ አሰብኩ። ልጅ ሳለ ማኒላ ውስጥ በአጎቱ ፑል ቤት ነው ያደገው። ቁመቱ አልደርስ ሲለው የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆሞ ይመታ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሰው «አስማተኛው» ይለዋል። እኛ ጋ ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል።

ይህ ጨዋታ ተመልሶ እንዲያንሰራራ ከልቤ እፈልጋለሁ። ሻምፒዮን ይውጣልን አላልኩም። ወላጅ ሳያፍር ልጁን የሚልክበት አንድ ክፍል ይበቃኛል። ወጣት ማዕከል ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ቢገባ፣ በገንዘብ መጫወት ቢከለከል፣ በትምህርት ሰዓት ቢዘጋ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ጨርቁን በጊዜው የሚቀይር፣ ውሃ ልኩን የሚያይ አንድ ሰው። ያ ግንበኛ እኔን እንዳስተማረኝ ጀማሪ የሚያስተምር ሌላ አንድ ሰው። ሴቶችም ይግቡ። ታናሽ እህቴ ዘጠነኛ ክፍል እያለች በር ላይ ቆማ ስታየን አስታውሳለሁ። አንድም ቀን ግቢ ያላት አልነበረም። እኔም አላልኳትም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዝናቡ ሲያባራ ተነሳሁ። ከዚያ ተመለስኩና «ጋሼ፣ ሳጥኖቹን ላውርድ?» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው አንዱን ሳጥን አነሱ። ላስቲኩን ገለጥን። ጨርቁ ደብዝዟል፣ አንድ ቦታ ላይ ተቀዷል። ነጯን ኳስ ከመሳቢያ አወጡልኝና በእጄ ቀስ አድርጌ ለቀቅኳት። እየተሳበች ሄዳ በስተቀኝ ያለው ጥግ ደረሰች።

«ኮምቦልቻ ወረደች» አሉ ጋሼ።

ቅዳሜ ውሃ ልክና ካርቶን ይዤ እመጣለሁ አልኳቸው። እህቴን ደውዬ ነግሬያታለሁ። ከልጇ ጋር ትመጣለች።