ኦቾሎኒ የተባለችው ወርዋሪ

ሰሞኑን ከወንዶች ጋር ስለተጫወተችው ጥቁር አሜሪካዊት የቤዝቦል ወርዋሪ (መቺው እንዲስት ኳሱን የምትወረውር ተጫዋች)፣ ስለ ሜሚ ጆንሰን እያነበብሁ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ስለ ቤዝቦል ያለን ዕውቀት እጅግም ነው፤ የእኔም ከዚያ አያልፍም። በሕክምና ሥራ ላይ ያለሁ ሰው በመሆኔ መጀመሪያ የሳበኝ፣ ይህች ሴት ከጨዋታው ከወጣች በኋላ እዚሁ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል በነርስነት ማገልገሏ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1935 በደቡብ ካሮላይና ተወለደች። በ17 ዓመቷ ገደማ፣ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ የሴቶች ቤዝቦል ሊግ ተጫዋች ወደሚመርጥበት ሜዳ ሄዳ ነበር፤ ጥቁር ናትና ችሎታዋን እንኳ ሳያዩ መለሷት። ከ1943 እስከ 1954 የቆየው ያ ሊግ ከ600 በላይ ሴቶችን ሲያጫውት አንዲትም ጥቁር አሜሪካዊት አላስገባም። እርሷ በኋላ ዘመኗ፣ እንኳንም መለሱኝ፣ ባይመልሱኝ ከወንዶቹ ጋር የመጫወት ክብር አይገጥመኝም ነበር ትል ነበር። አነጋገሯ የኩሩ ሰው ነው፤ እኔ ግን ሊጉን በዚህ ይቅር ማለት አይሆንልኝም።

በ1953 ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ የተባለው የጥቁሮች ቡድን ቀጠራት። ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ወደ ነጮቹ ሊግ ከተሻገረ ወዲህ ምርጦቹ ተጫዋቾች ተከትለውት በመሄዳቸው የጥቁሮቹ ሊግ ተመልካች አጥቶ ነበርና፣ ሴት ማሰለፉ ገበያም ነበረበት። ሆኖም ለገበያ የተቀጠረ ሰው መቺዎችን እያከታተለ ከሜዳ አያስወጣም። ሃንክ ቤይሊስ የተባለ መቺ ቁመቷን አይቶ ከኦቾሎኒ አትበልጥም ብሎ ቢያፌዝባት፣ ሦስቱንም ኳስ አስታ አሰናበተችው፤ ከዚያ ወዲህ ቅጽል ስሟ ኦቾሎኒ ሆኖ ቀረ። በአየር ላይ የሚታጠፈውን ኳስ አወራወር ያሻሻለላት ታላቁ ወርዋሪ ሳቸል ፔጅ ነበር። ሆቴል ጥቁር በማያሳድርባቸው ከተሞች ቡድኑ አውቶቡስ ውስጥ ያድር ነበር። እስከ 1955 ተጫወተች፤ 33 ጨዋታ አሸንፋ በ8 ብቻ እንደተሸነፈች ይነገራል።

በ2008 ያ ቀድሞ የነጮች ብቻ የነበረው ሊግ፣ ሜጀር ሊግ፣ በሕይወት የነበሩ የጥቁሮች ሊግ ተጫዋቾችን ቡድኖቹ ለክብር ያህል እንዲመርጡ ሲያደርግ የዋሽንግተን ቡድን እርሷን መረጠ፤ ዕድሜዋ 72 ነበር። ክብሩ ደግ ነው። ነገር ግን ከሴት ጋር ውል መፈረምን በ1952 የከለከሉት የዚያው ቤዝቦል አለቆች ነበሩ፤ ይህን ሳስብ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም።