«እና ልክፈል፣ አልክፈል?»፦ ብሎጌ አንባቢ ያገኘበት መንገድ

ብሎግ የጀመርኩት በስንፍና ነው። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነበር፤ የቀን ገቢ ግምት የወጣበት ክረምት። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ የነበረው ሰው ያን ሐምሌ አይረሳውም። እኔ መርካቶ ውስጥ የጥቂት ሱቆችን ሒሳብ በትርፍ ሰዓቴ እሠራ ነበር። በቀን አሥር ሰው እየደወለ አንድ ዓይነት ነገር ይለኛል፦ «በቀን ሦስት ሺህ ብር ክፈል ተባልኩ፤ አለቀልኝ!»

አላለቀለትም። ሦስት ሺው ግብር አይደለም፤ በቀን ይሸጣል ተብሎ የተገመተለት ነው። እሱ በሥራ ቀናት ተባዝቶ የዓመት ሽያጩ ይወጣል፤ ግብሩ የሚሰላው ከዚያ በኋላ ነው። ግምቱ ራሱ በዝቶበት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሌላ አቤቱታ ነው። ግን መጀመሪያ ሰውየው መተንፈስ አለበት። ይሄንኑ በቀን አሥር ጊዜ ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ሊንኩን ብልክላቸውስ አልኩ።

እናቴ ብሎግ ልጽፍ ነው ስላት ፊቷ ተለዋወጠ። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን 9 ጦማሪያን ከታሰሩ ወዲህ ብሎገር የሚለው ስም እኛ ቤት ያስፈራ ነበር። ስለ ግብር ነው የምጽፈው ብዬ ላረጋጋት ሞከርኩ። «እሱማ ይብሳል» አለች።

ታዲያ ሰው ስለ ቀን ግምት እየጠየቀኝ እኔ ምን ጻፍኩ? «የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አጠቃላይ ዳሰሳ»። ርዕሱ ይሄ ነው። አራት ገጽ። ኮሌጅ አስተማሪዬ ቢያነበው ደስ ይለው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ ጊዜ ተከፈተ፤ አራቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ከቢሮ ኮምፒውተር ላይ በትክክል ይታይ እንደሆነ ለማየት።

ዓይኔን የገለጡልኝ ሸማ ተራ ያሉ ደንበኛዬ ናቸው። ሐጂ እንላቸዋለን። አንድ ቀን ደረሰኝ ልሰበስብ ሄጄ ሻይ አዘዙልኝ። እኔም ጉራ ነገር ይዞኝ ጽሑፌን ከስልኬ ላይ አነበብኩላቸው። ሐጂ ጨዋ ሰው ናቸው፤ አላቋረጡኝም። «በሠንጠረዥ ሐ መሠረት» የሚለው ላይ ስደርስ ብቻ እጃቸውን አነሱ።

«እኔ ሐ ነኝ አይደል?»

«አዎ ሐጂ፣ እርስዎ ደረጃ ሐ ነዎት።»

«እንግዲያ ይሄ ስለ እኔ ነው የሚያወራው።»

አይደለም። ማለቴ፣ ነውም አይደለምም። ሠንጠረዥ ሐ ማለት የንግድ ሥራ ገቢ ማለት ነው፤ ትልቁም ትንሹም ነጋዴ እዚያ ውስጥ አለ። ደረጃ ሐ ማለት ደግሞ ያኔ ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ ነው። አንድ ፊደል፣ ሁለት ነገር። እኔ ከለመድኩት የተነሳ ልዩነቱ ታይቶኝም አያውቅም። ይሄን ሳብራራ ሻዩ ቀዘቀዘ። ሐጂ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ማሻ አላህ፣ ጥሩ ጽፈሃል ልጄ» አሉ። ቀጥለው፦ «እና ልክፈል፣ አልክፈል?»

ከዚያ ቀን በኋላ አንዲት ቃል ሳልጽፍ አንድ ወር ቆየሁ። ትንሽ ደብተር ገዛሁና ደንበኞች የሚጠይቁኝን ቃል በቃል መያዝ ጀመርኩ። ሳላሳምር። «ማሽኔ ተበላሽቶ ዜድ አልወጣልኝም፣ ይቀጡኛል?» (ዜድ የካሽ ማሽኑ የዕለት ሽያጭ ማጠቃለያ ነው።) «ልጄ ነው ሱቁን የሚጠብቀው፣ ደሞዝተኛ ነው ይባላል?» «ቲን አለኝ ግን ነግጄ አላውቅም፣ ዕዳ አለብኝ?» ወሩ ሲያልቅ ሠላሳ ምናምን ጥያቄ ነበረኝ። እነሱን እንዳሉ ርዕስ አደረግኳቸው። የመጀመሪያው መስመር መልሱ ሆነ፦ አዎ፣ አይደለም፣ ወይም «እንዲህ ከሆነ አዎ»። የአዋጁን ቁጥርና አንቀጽ ከግርጌ አወረድኩት፤ የሚፈልገው የሙያ ባልደረባዬ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ወርዶ ያገኘዋል። ቀረኝ የምለው ነገር ቢኖር የድሮውን ዳሰሳ አለማጥፋቴ ነው። እስካሁን አለ። አልፎ አልፎ ተማሪዎች ለአሳይንመንት ይገለብጡታል መሰለኝ።

አንባቢ ግን ወዲያው አልመጣም። ጉግል ሰርች ኮንሶል የሚባለውን ከፍቼ ሰው በምን ቃል እየፈለገ እንደሚመጣ ሳይ አፈርኩ። እኔ በሥርዓት «ደመወዝ» እጽፋለሁ፤ ሰው የሚፈልገው «ደሞዝ» ብሎ ነው። እኔ «ሒሳብ» እላለሁ፤ ሰው «ሂሳብ» ይላል። ሀሌታው ሀና ሐመሩ ሐ፣ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ ሰው ስልክ ላይ አይለዩም፤ እጁ የቀደመውን ነው የሚጫነው። «ግብር» የሚለውና «ታክስ» የሚለውም ሁለት የተለያየ ሕዝብ ነው። መጀመሪያ ተከራከርኩ፣ ከራሴ ጋር። ትክክለኛውን አማርኛ ትቼ? በመጨረሻ ርዕሱ ላይ «ደሞዝ»፣ ውስጡ ላይ «ደመወዝ» ማድረግ ጀመርኩ። አንድ አንባቢ በፊደል አጠቃቀሜ ተቆጥቶ ረጅም መልእክት ጽፎልኛል። እውነቱን ነው። ግን ያገኘኝም ያው «ደሞዝ» ብሎ ፈልጎ ነው።

የገጹ አድራሻ ሌላ ጣጣ ነበር። ርዕሱን በአማርኛ ስጽፍ ሲስተሙ አድራሻውንም በአማርኛ ያደርገዋል። ያምራል። ቴሌግራም ላይ ኮፒ ሲደረግ ግን እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ቁምፊ ይቀየራል፤ የመቶኛ ምልክት፣ ቁጥርና የላቲን ፊደል የተቀላቀለበት ዝባዝንኬ። «የደመወዝ» የሚለው አምስት ፊደል ብቻውን አርባ አምስት ቁምፊ ይሆናል። አንዲት ደንበኛዬ ሊንኩን ስልክላት «ቫይረስ ነው ብዬ አጠፋሁት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አድራሻውን በሁለት ሦስት አጫጭር ቃል፣ በላቲን ፊደል ነው የማወጣው። ይሄ ሳላስበው ሌላም ጥቅም ሰጠኝ፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ የሚፈልገው ብዙ ሰው እኔ ጋ መድረስ ጀመረ።

ፎቶውንም ቀነስኩ። የደረሰኝ ናሙና በስልኬ አንስቼ እንዳለ ነበር የምለጥፈው። «ወንድሜ፣ ገጽህ ካርዴን በላው» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ ነው ፎቶ ማሳነስ የተማርኩት።

ማስተዋወቁ ላይ ደግሞ ያላደረግኩት ስህተት የለም። ፌስቡክ ላይ ያገኘሁት ግሩፕ ሁሉ ውስጥ ሊንክ ወረወርኩ፤ የቤት ሽያጭ ግሩፕ ሳይቀር። ከግማሾቹ ተባረርኩ። ዲሲ ያለውን የአጎቴን ልጅ ለምኜ በሱ ካርድ ማስታወቂያ አስከፈልኩ። ላይኩ ዘነበ። ደንበኛ ግን አንድም አልመጣም፤ የአጎቴ ልጅ ግን እስካሁን ብሩን ያነሳብኛል።

የሠራልኝ የተገላቢጦሹ ነው። የነጋዴዎች ቴሌግራም ግሩፖች አሉ፤ ስለ ዕቃ ዋጋ፣ ስለ ጉምሩክ የሚወራባቸው። እዚያ ገብቼ ዝም ብዬ አነብ ነበር። አንድ ሰው የግብር ጥያቄ ሲጠይቅ ሙሉ መልሱን እዚያው እጽፍለታለሁ። ሊንክ አላደርግም። ቀጥሎ ሌላ ሰው ሲጠይቅ የግሩፑ ሰዎች ራሳቸው «ያን ልጅ ጠይቁት» ይላሉ። ያኔ ነው ሊንኩን የማደርገው። ጊዜ ይፈጃል፣ አልዋሽም። ግን ተለምኖ የተሰጠ ሊንክና ተወርውሮ የተሰጠ ሊንክ አንድ አይደሉም።

ከዚያ 2012 መጣ። የሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት ጠፋ፤ ለሦስት ሳምንት ያህል። ሰው እየሞተ ስለ ብሎግ ማሰብ ያሳፍራል። ግን ሐምሌ ሐምሌ ነው፤ ያኔ ደረጃ ሐ ከሐምሌ 1 እስከ 30 ያሳውቅ ነበር፣ የኔ አንባቢ ደግሞ ደረጃ ሐ ነበር። በዓመት ውስጥ በጣም የምፈለግበት ወር ላይ የለሁም። የነበሩኝን ዋና ዋና መልሶች አንድ ገጽ ላይ አሰፈርኩ፦ ማን እስከ መቼ እንደሚያሳውቅ፣ ምን ምን ይዞ እንደሚሄድ፣ ቅሬታ ያለው ምን እንደሚያደርግ። ከታች ስሜንና ስልኬን ጻፍኩ። ሁለት መቶ ኮፒ አስነሳሁ።

ወረቀቱን ለሱቆች አደልኩ። ትርፉን ደግሞ ግብር ቢሮዎች አካባቢ ላሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሰጠሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም በዚህ ሁሉ ዓመት ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ውስጥ ፎርም የሚሞሉ ልጆች አሉ። ነጋዴው ቢሮ ከመግባቱ በፊት እነሱ ጋ ይቆማል። መታወቂያና ንግድ ፈቃድ ኮፒ ያደርጋሉ፣ ፎርም ይሞላሉ፣ «ይሄን አልያዝክም፣ ይመልሱሃል» ይላሉ። የኔ ወረቀት ሥራቸውን አቀለለላቸው። ኢንተርኔት ሲመለስ እነሱ ብሎጉን መክፈት ጀመሩ፤ እያንዳንዳቸው ደግሞ በቀን ስንት ሰው እንደሚያስተናግዱ አስቡት። እኔ ነጋዴውን ሳሳድድ ከርሜ፣ ነጋዴው ሰልፍ የሚይዝበትን ቦታ አላየሁም ነበር። አሁን አዲስ ነገር ስጽፍ መጀመሪያ የምልከው ለነሱ ነው። ስህተት ካለም መጀመሪያ የሚይዙኝ እነሱ ናቸው።

ስህተት ካነሳሁ፣ አንዱን መናገር አለብኝ። አንድ ዓመት ላይ የማሳወቂያ ጊዜ ስጽፍ መካከለኛውን ደረጃ፣ ደረጃ «ለ»ን፣ «እስከ ጥቅምት 30» ብዬ ጻፍኩ። ያኔ ጥቅምት 30 የትልልቆቹ፣ የደረጃ «ሀ» ነበር፤ የ«ለ» ነሐሴ 30 ላይ ያበቃ ነበር። ቸኩዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ጳጉሜን 2 ቀን አንዲት የልብስ ሱቅ ያላት ሴት ደወለች። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ያ ነው የባሰው። «አንተ ጥቅምት ስላልክ ነው የተቀመጥኩት» አለች። አብሬያት ቢሮ ሄድኩ። ቅጣቱ አልቀረላትም። የሷን ሒሳብ አንድ ዓመት በነፃ ሠራሁ። ጽሑፉን ላጠፋው ነበር፤ ተውኩትና ራስጌው ላይ በደማቁ «እዚህ ላይ ተሳስቼ ነበር፤ የታረመው በዚህ ቀን ነው» ብዬ ጻፍኩ። ደንበኛ ያርቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከዚያ ወር በኋላ ከደወሉልኝ ሰዎች ሁለቱ «ስህተትህን ስላመንክ ነው የደወልኩት» አሉኝ።

አሁን እያንዳንዱ ጽሑፍ ራስጌ ላይ መቼ እንደተጻፈና መጨረሻ መቼ እንዳየሁት አለ። ጥቅሙ የገባኝ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ሲመጣ ነው። በጣም የሚነበበው ጽሑፌ የደሞዝ ግብር ስሌት ነው። በድሮው 12,000 ብር ደሞዝ ያለው ሰው 2,700 ብር ይቆረጥበታል። በአዲሱ 2,250 ነው፤ ከግብር ነፃ የሆነው ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ስላለ፣ መደቦቹም ስለተቀየሩ። አዲስ ጽሑፍ አልጻፍኩም። እዚያው አሮጌው አድራሻ ላይ አረምኩት፤ ሊንኩ በየግሩፑ ተበትኗልና አዲስ ብጽፍ ሰው አሮጌውን እየከፈተ ይሳሳት ነበር።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር ልበልና ልተው። ያ የደሞዝ ጽሑፍ አንባቢ እንጂ ደንበኛ አምጥቶልኝ አያውቅም። ሰው ያሰላል፣ ይናደዳል፣ ይሄዳል። ደንበኛ የሚያመጣልኝ «ሱቄን ልዘጋ ነው፣ ንግድ ፈቃዴን እንዴት ልመልስ?» የሚለው ነው። የሚከፍተው ሰው ጥቂት ነው፤ የከፈተው ግን ክሊራንስ፣ ማለት የግብር ዕዳ የለብህም የሚል ወረቀት፣ የግድ ነው የሚለው ላይ ሲደርስ ስልኩን ያነሳል። ስለዚህ አሁን የማየው ስንት ሰው ከፈተው የሚለውን ሳይሆን ስንት ሰው ደውሎ «እዚያ ያየሁህ» አለኝ የሚለውን ነው። ደብተሩ ላይ አጭር መስመር አሰምራለሁ።

አንድ ብዙ ተከታይ ያለው ገጽም ጽሑፎቼን እያነሳ የራሱን አርማ ይለጥፍባቸው ነበር። ስሙ ይቆየኝ። ተጨቃጨቅኩ፣ ዋጋ የለውም። ምሳሌዎቹ ውስጥ «ሐጂ ጠየቁኝ» እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። አሁን ሲሰርቁም ሐጂን ይዘው ነው የሚሄዱት።

ባለፈው ከነዚያ ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ገባሁ። የ2012ቷ ወረቀቴ መስታወቱ ላይ ተለጥፋለች። ቢጫ ሆናለች፣ ጥግ ጥጓ ተበልቷል። በላይዋ ላይ ደረጃ ሀ፣ ለ፣ ሐ ይላል፤ አሁን ሐ የሚባል ደረጃ የለም፣ ሁለት ብቻ ነው። «ይቺን አውርዳት፣ አዲስ አመጣልሃለሁ» አልኩት ልጁን።

«አላወርድም» አለኝ። «ሰው የሚገባው እሷን አይቶ ነው።»

ስክሪብቶ ተቀብዬ ሐን ሰረዝኩ፣ ቀኑንም ጻፍኩበት። ኮፒ ሳስነሳ አሥር ብር አስከፈለኝ።